ኤክስካቫተሩ ከመምጣቱ በፊት፦ ቤት ስትሠሩ የግቢያችሁን ለም አፈር ማትረፊያ መንገድ

የራሴን ቤት የሠራሁት ሰንዳፋ አካባቢ ነው። ቦታው ቀድሞ የጤፍ ማሳ ነበር። የጠረጋው ቀን ሥራ ስለነበረኝ ሳይቱ ላይ አልተገኘሁም። ማታ ስደርስ ሲኖዎቹ ሦስት ዙር ተመላልሰው አፈሩን ጠራርገው ወስደውታል። ያኔ ደስ ነበር ያለኝ። ቦታው ልሙጥ ብሎ ሳየው ሥራ የተጀመረ መሰለኝ።

ቤቱ አልቆ ጎመን ልትከል ስል ዶማው ገረጋንቲና የብሎኬት ስባሪ እየመታ ተመለሰብኝ። "ጥቁር አፈር አስመጣ" ተባልኩ፤ አስመጣሁ። የመጣው አፈር ፌስታል፣ የጠርሙስ ስባሪና የሰርዶ ሥር ይዞ መጣ። ሰርዶውን እስከ ዛሬ እየታገልኩት ነው። የራሴን አፈር ለማስወሰድ ከፈልኩ፣ የሰው አፈር ለማስመጣት ደግሞ ከፈልኩ።

በኋላ እህቴ ሱሉልታ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ቤት ስትጀምር አፈሩን ከመጀመሪያው ቀን ያዝነው። ሁለት ክረምት ተከምሮ ከርሞ አሁን ቆስጣና ድንች እያበቀለ ነው። ከዚህ በታች ያለው እዚያ ያደረግነው ነው፤ ከሰው የተማርነውንም ጨምሬበታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ጉዳይ የሚወሰነው በመጀመሪያዋ ጠዋት ነው። ለብረትና ለሲሚንቶ ዘበኛ እንቀጥራለን። ብረት ቢጠፋ ግን ይገዛል። አንድ ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይወስድበታል፤ ማሽኑ ግን በግማሽ ቀን ጭኖ ይጨርሰዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

1. ለሙ አፈር የት ላይ እንደሚያልቅ እዩ

ከጠረጋው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ዶማና አካፋ ይዛችሁ ወደ ቦታው ሂዱ። ሦስት ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። የጉድጓዱን አንድ ጎን በአካፋ ቀጥ አድርጋችሁ ላጩት። ከዚያ ቁጢጥ በሉና ያንን ግድግዳ በደንብ እዩት።

ቀይ አፈር ከሆነ ቀላል ነው። ከላይ ቡናማ ይሆንና ዝቅ ሲል እየቀላ ይሄዳል። መረሬ (ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ግን ቀለሙን አትመኑ፤ መረሬ አንድ ሜትር ወርዶም ጥቁር ነው። እዚህ የሚነግራችሁ ጣታችሁ ነው። እህቴ ቦታ ላይ ከላይ ያለው 20 ሳንቲ ሜትር ሲነካ ፍርፍር ይል ነበር። ቀጫጭን የሣር ሥር በየአቅጣጫው ተሸምኖበታል። ሁለት የምድር ትልም አወጣን። ከዚያ በታች ያለው አፈር ግን በትልልቅ ጓል ነው የሚነሳው። ጓሉን ስንሰብረው ፊቱ እንደተወለወለ ነገር ያብረቀርቃል። መረሬ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲኮማተር፣ ጓሉ እርስ በርሱ እየተፋተገ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ሥር ደግሞ የለበትም ማለት ይቻላል። መስመሩ እዚያ ላይ ነው።

ጥልቀቱን በሜትር ለኩና ጻፉት። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ተዳፋት ቦታ ላይ ከሆነ ከላይኛው ጫፍ ስስ፣ ከታችኛው ጫፍ ወፍራም ሊሆን ስለሚችል አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍራችሁ አትወስኑ።

መለየቱ ለምን አስፈለገ? መረሬ ላይ የሚሠራ ሰው ለመሠረቱ ሲል አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ያስቆፍራል፤ አፈሩ እያበጠ ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ። ኦፕሬተሩ ዝም ከተባለ ሁሉንም በአንድ ላይ ያነሳዋል። የታችኛው ይሂድ፣ ችግር የለም። ላዩ ከታችኛው ጋር ከተቀላቀለ ግን መልሶ የሚለየው የለም።

2. የሚበቃችሁን አስሉ

ሁሉንም አስቀምጣለሁ ብላችሁ አትነሱ፤ ከተማ ውስጥ ባለ ቦታ አይቻልም። ከ200 ካሬ ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ብትገፍፉ 40 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲነሳ ደግሞ ይነፋፋል፤ ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ 50 ይሆናል። ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚጭን ከሦስት ሲኖ በላይ ነው። ያን ያህል ክምር ግቢ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ብሎኬትና አሸዋ ማውረጃ አይኖራችሁም።

ስለዚህ ከመጨረሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ አስሉ። ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያውና ንጣፉ ከተወሰደ በኋላ የእህቴ ግቢ ላይ ለአትክልት የሚቀረው 60 ካሬ ሜትር ነበር። በ25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲባዛ 15 ሜትር ኩብ ነው። መንፋፋቱ ሲታሰብ 19፤ እኛ 20 ብለን ያዝነው። ለዚህ ቤቱ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚነሳው አፈር ብቻውን ይበቃል።

የተረፈውን አጎራባች ገበሬ ወይም ችግኝ የሚያፈላ ሰው ደስ ብሎት ይወስደዋል። እኛ በር ላይ ሲኖ ቆሞ እያለ ነው ጠይቀን ያገኘነው። ቀደም ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

3. ማረፊያውን ምረጡ

20 ሜትር ኩብ አፈር በ1.2 ሜትር ከፍታ እንዲቀመጥ 5 በ7 ሜትር የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። ጥግ ይሻላል። ሲኖ የሚዞርበት፣ ሚክሰር የሚቆምበትና ብረት የሚታጠፍበት ቦታ ጋ አይሁን፤ አንዴ ካስቀመጣችሁት እስከ መጨረሻው እንዳይነሳ ነው የሚፈለገው። አፈር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፍርፍርነቱን ያጣል።

የጎረቤት ግንብ አጥር ላይ አታስጠጉት። ዝናብ የጠጣ አፈር ከባድ ነው፣ አጥር ይገፋል። ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። የክረምት ጎርፍ በሚያልፍበት መስመርም ላይ አይሁን። ግቢው ውስጥ ዋንዛ ወይም ጽድ ካለ ከጥላው ውጭ ከምሩ፤ ሥሩ ላይ የተከመረ አፈር ዛፉን አፍኖ ይገድለዋል። ማረፊያው ላይ ያለውን ሣር አጭዳችሁ ሥሩን ተዉት። ለሙን አፈር በለም አፈር ላይ መከመር ችግር የለውም።

4. ከፎርማኑና ከኦፕሬተሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። ኦፕሬተሩ ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፣ አይፈረድበትም። ላዩን ለብቻ መግፈፍ እኛ ጋ ሁለት ሰዓት ያህል ጨመረ። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችሁ ሥራ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

"አፈሩን ልታስቀምጡት ነው እንዴ? ሰው ሁሉ ቶሎ አንሳልኝ ነው የሚለው" አለ ኦፕሬተሩ።

"ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላዩን ብቻ ግፈፍልኝ፤ ከዚያ እንደ ልብህ ቆፍር" አለችው እህቴ።

ችካሎች ላይ በቀለም የ20 ሳንቲ ሜትር ምልክት አደረግንለት። ልጁ ጎበዝ ነበር። ጥርስ የሌለው ባኬት ካለው እሱን እንዲገጥም ጠይቁት፤ ጥርሱ ሁለቱን አፈር ያደባልቃል።

ፎርማኑን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ላይ መለሳለስ የለም። ሠራተኛ መሠረቱ ዙሪያ ሙሌት ሲጎድለው ቅርብ ያለውን ነው የሚያነሳው። ቅርብ ያለው ደግሞ የእናንተ ክምር ነው። "ይህ አፈር ለሙሌት አይነካም" በሉ፤ ምክንያቱንም ንገሩት። ለም አፈር ውስጥ ሥርና የበሰበሰ ቅጠል አለ። ያ ሲብላላ አፈሩ ይሰምጣል፤ ወለል ይሰነጠቃል። ፎርማን ለጎመን ብሎ ላይሰማ ይችላል፤ ለወለሉ ሲል ግን ይሰማል። በውሉ ላይ አንድ መስመር ብታስገቡበት ደግሞ በኋላ ሰው ቢቀየርም ይሠራል።

5. አፈሩ ሲፈቅድ ግፈፉ

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። አፈር በብዛት የሚበላሸው እርጥብ እያለ ሲነካ ነው። እርጥብ መረሬ ላይ ማሽን ሲሄድበት በውስጡ ያሉት የአየርና የውኃ መንገዶች ይደፈናሉ። ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ ኮምፖስት ብትጨምሩበት በቀላሉ አይመለስም።

እህቴ ቦታ ላይ ያለው ዘበኛ ዕድሜውን በእርሻ ያሳለፈ ሰው ነው። በቀጠሯችን ቀን ጠዋት፣ ማሽኑ ገና ሳይደርስ፣ እፍኝ አፈር ከጉድጓዱ አነሳ። ጨበጠው። ከዚያ በሁለት መዳፉ መሀል እያሸ አንከባለለው። እንደ እርሳስ ቀጭን ሆኖ ሳይበጣጠስ ወጣ። "ይሄ ዛሬ አይነካም" አለ። ከሁለት ቀን በፊት ካፊያ ጥሎ ነበር። ማሽኑን በስልክ አስቆምነው። በአምስተኛው ቀን ያንኑ ሲሞክር ገና ሲያንከባልለው ተሰባበረ። ያኔ ጀመርን።

እናንተም እንደዚሁ ሞክሩት። እርሳስ መሳይ ሆኖ ከወጣ ጠብቁ። ከተሰባበረ ይቻላል። ዱቄት ሆኖ የሚቦንን ከሆነ ደግሞ ከዋዜማው ትንሽ ውኃ እርጩበት። ደጋ አካባቢ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይመቻል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ግን ባትነኩት ይሻላል።

6. አከማመሩ

መጀመሪያ ቁጥቋጦና ድንጋይ ይነሳ። አጭር ሣር ካለ አብሮ ይገፈፍ፣ ውስጡ በስብሶ ይጠቅማል። ሰርዶ ካለ ግን ሥሩን በእጅ ልቀሙ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ያልለቀመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ማሽኑ ወደ ኋላ እያለ ይግፈፍ፤ ለሙ አፈር ላይ አይውጣ። ክምሩ ላይም አይውጣ። ከጎን ሆኖ ይዘርግፍ። በባኬቱ ጀርባ መትቶ የማሳመር ልማድ አላቸው፤ አስቁሙት። ክምሩ ልል መሆን አለበት።

ከፍታው ከ1.5 ሜትር አይበልጥ። መረሬ ከሆነ 1.2 ይብቃው። አፈር ውስጥ ትል አለ፣ ፈንገስ አለ፣ በዓይን የማይታይ ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉም አየር ይፈልጋል። እላይ እላዩ ሲከመር ታችኛው ይታፈናል። አንድ ጎረቤት ሦስት ሜትር አድርጎ ከምሮ ነበር። ከዓመት በኋላ ሲከፍተው ልቡ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ተለውጦ የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር። እንዲህ ከሆነባችሁ አትጣሉት። በ30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርጉትና ለጥቂት ሳምንታት አየር ይግባው፤ ሽታው ሲጠፋ መልሳችሁ ተጠቀሙበት።

ጎኖቹ ገደል አይሁኑ፤ ሰው ሳይንሸራተት የሚወጣበት ያህል ያዘንብሉ። ከላይ በኩል ትንሽ ቦይ ቅደዱና ጎርፉን አዙሩት። ከሥር ዙሪያውን በተገኘው ድንጋይ ወይም አፈር በተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ደግፉት።

7. ክምሩን አልብሱት

ራቁቱን አትተዉት። በጋ ፀሐይ ይጋግረዋል፣ ክረምት ዝናብ ያጥበዋል። ብዙ ሰው ላስቲክ ያለብሳል። ለአንድ ከባድ ዝናብ ሌሊት ይሁን፤ ለወራት ግን አይሆንም፤ ይቀቅለዋል፣ ያፍነዋል።

ከሁሉም የሚሻለው ልብስ ተክል ነው። ሥር ላይ ተጣብቀው የሚኖሩና ተክሉን ከአፈር የሚያመግቡ ፈንገሶች አሉ። ሥር የሌለው ክምር ውስጥ በወራት ጊዜ ይመናመናሉ። ስለዚህ ክምሩ ላይ ሕይወት ያለው ሥር መኖር አለበት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ኪሎ አጃ በተንን፤ በመሀሉ ባቄላ በስንዝር ርቀት ሰካን። አጃው ላዩን በሥሩ ጨምድዶ ይይዛል። ባቄላው ደግሞ ናይትሮጅን ከአየር ያመጣል። ሲያብብ አንዱን ነቅላችሁ እዩ። ሥሩ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያሉ እባጮች አሉ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ሞቃት ቦታ፣ ለምሳሌ አዳማ ወይም ሐዋሳ ከሆናችሁ ቦሎቄ ወይም ላብላብ (የባቄላ ዘመድ የሆነ ሐረግ) ይሻላችኋል።

ባቄላው ሲያብብ አጨድንና እዚያው ላዩ ላይ ጣልነው። ሥሩን አልነቀልንም። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም በጭድ ሸፈንነው፤ ጭዱ በነፋስ እንዳይሄድ ጭራሮ ጫንበት። ግንባታው ሲሚንቶ ተወዶ ቆሞ ስለነበር ሌላ ክረምት መጣ፤ ደግመን ዘራን። አረም ከወጣ ዘር ሳይጥል ንቀሉ፤ በተለይ ፓርቲኒየም። እሱን በባዶ እጅ አትንኩት፣ ቆዳ ያሳክካል።

8. ግንባታው ሲፋፋም

ዋናው ጠላት የሲሚንቶ ውኃ ነው። ሚክሰርና ባልዲ የታጠበበት ውኃ እጅግ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ የገባበት አፈር ላይ ተክል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለማጠቢያ አንድ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ላስቲክ አንጥፉበት፤ ከክምሩ በታች በኩል ይሁን። ክምሩ ላይ ከፈሰሰ እስኪጠነክር ጠብቁና ከነነካው አፈር አውጥታችሁ ጣሉት። ኖራም እንደዚሁ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጡት ቀለም ቀቢዎችም ብሩሽና ሩሎ የት እንደሚያጥቡ ቀድሞ ይነገራቸው።

ሌላው፣ ሠራተኛ መጸዳጃ ከሌለው ክምሩ ጀርባ መሄዱ አይቀርም። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ከመሠረት ቁፋሮ በፊት ጊዜያዊ ሽንት ቤት ሥሩ። ክምሩን ደግሞ በችካልና በገመድ አጥሩት። ያልታጠረ የአፈር ክምር ሰው ዓይን ውስጥ የቆሻሻ መጣያ ነው።

9. መልሳችሁ አልብሱ

ቤቱ አልቆ፣ እስካፎልዲንጉ ወርዶ፣ ከባድ መኪና መግባት ሲያቆም ብቻ። ከዚያ በፊት ከዘረጋችሁት ይረገጣል።

መጀመሪያ መሬቱን አጽዱ። ስባሪ ብሎኬት፣ ሽቦ፣ የሴራሚክ ቁራጭ። ሚስማሩን ማግኔት በገመድ አስራችሁ ብትጎትቱ ብዙ ይለቅምላችኋል። ከዚያ ሁለት ዓመት የተረገጠውን የታችኛውን መሬት በዶማ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አላሉት። ይህን የዘለለ ሰው አፈሩን የሚያነጥፈው ሲሚንቶ ላይ እንደማንጠፍ ነው፤ ክረምት ውኃው መሄጃ አጥቶ ይተኛና ሥሩ ይበሰብሳል።

ለሙን አፈር በመጀመሪያ 5 ሳንቲ ሜትር በትኑና ከላላው መሬት ጋር አዋህዱት። ቀሪውን ከላይ ዘርጉ። ለሣር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለጎመንና ለቆስጣ ከ20 እስከ 25፣ ለድንችና ለካሮት 30 ያስፈልጋል። ለኮክ ወይም ለአቮካዶ ችግኝ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በዚህ አፈር ሙሉት። ከላይ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ወይም ፍግ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ አገላብጡ። ጥሬ ፍግ አይሁን፤ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፣ ሥርም ያቃጥላል።

የአፈሩ ከፍታ ከቤቱ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ በአንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። መረሬ ላይ ከሆናችሁ ግድግዳ ሥር አትክልት አትትከሉ። ውኃ ባጠጣችሁ ቁጥር መሠረቱ ሥር ያለው አፈር ያብጣል። ቢያንስ አንድ ሜትር ንጣፍ ይኑር።

በእግር አትጠቅጥቁት፤ ጣውላ ዘርግታችሁ በዚያ ላይ ተመላለሱ። በውኃ ቀስ እያላችሁ አርጥቡትና ራሱ ይርጋ። ሲረጋ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ 25 የፈለጋችሁት ቦታ ላይ 31 ወይም 32 አድርጋችሁ ዘርጉ።

የእህቴን ክምር ልቡ ድረስ ስንከፍተው ዝናብ የነካው ማሳ ይሸት ነበር። የመጀመሪያውን ወቅት ባቄላ ዘራን፤ ቆስጣው ቀጥሎ ገባ።

ከክምሩ ስድስት ሰባት ማዳበሪያ ያህል ሳትዘረጉ በጥላ ሥር አስቀሩ። የማዳበሪያውን አፍ አትሰሩት። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ እዚህም እዚያም የሚሰረጉድ ቦታ አይጠፋም፤ በተለይ የውኃና የፍሳሽ ቱቦ የተቀበረበት መስመር ላይ። ጥቅምት ላይ ያስቀራችሁትን አምጥታችሁ በዚያ ሙሉት።